መጤው መቼ ቤተኛ ይሆናል? «ናቹራላይዜሽን» የሚለውን ቃል በአማርኛ ስለ መመለስ

ጥያቄ፦ «በትርጉም ሥራ ላይ ነኝ። ለመሥሪያ ቤታችን የቃላት ዝርዝር ሳዘጋጅ ‹ናቹራላይዜሽን› የሚለው ቃል በስደተኞች ጉዳይ ሰነድ፣ በደን ጥናትና ስለ ቋንቋ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ተደጋግሞ ገጠመኝ። አለቃዬ ለአንድ ቃል አንድ አቻ ብቻ ይሰጠው ስላሉ በሦስቱም ቦታ ‹አገር በቀል መሆን› ብዬ አስገባሁት። አንድ ባልደረባዬ ግን ‹ተፈጥሯዊነት› ይሻላል ይላል። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ ከውጭ የመጣ ነገር አገር በቀል ሆነ ለማለት ስንት ዘመን ያስፈልጋል?»

ምላሽ፦

ሁለቱም አይሆኑም። የአለቃዎም መመሪያ ለዚህ ቃል አይሠራም፤ ቃሉ በመጣበት ቋንቋ አንድ ይምሰል እንጂ ልዩ ልዩ ሙያዎች ለየራሳቸው ወስደው የተለያዩ ነገሮችን የሚጠሩበት ነውና። መሠረቱ «መወለድ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግስ ነው። ከዚሁ ግስ በአንድ በኩል «ተፈጥሮ» ብለን የምንተረጉመው ስም፣ በሌላ በኩል «ተወላጅ» የሚለው ሐሳብ ወጥተዋል። ባልደረባዎ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ፣ እርስዎ ደግሞ ሁለተኛውን ይዛችኋል። ቃሉ የሚለው ግን እዚህ ያልተወለደው እዚህ እንደ ተወለደ ተቆጠረ ነው፤ የነገሩ ክብደት ያለውም «እንደ» በምትለው ትንሽ ቃል ላይ ነው። «ተፈጥሯዊነት» እና «አገር በቀል» ሁለቱም ይህችን «እንደ» ይጥሏታል።

ከጥያቄዎ መጨረሻ ልጀምር፤ ስሕተቱ ያለው እዚያ ነው። «አገር በቀል» በሚለው ጥምር ቃል ውስጥ ያለው ግስ «በቀለ» ነው። የበቀሉበትን ቦታ የሚያመለክት ቃል ስለ መነሻ እንጂ ስለ ቆይታ አይናገርም። በቆሎ ከአሜሪካ ምድር ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሌላ 300 ዓመት ቢጨመርለትም አገር በቀል አይሆንም። «አገር በቀል ሆነ» ማለት «የበኩር ልጅ ሆነ» እንደ ማለት ነው፤ በኩር ሆኖ መወለድ እንጂ እያደር በኩር መሆን የለም። እርግጥ ቃሉ ከዕፅዋት አልፎ ሄዷል። አገር በቀል ድርጅት፣ አገር በቀል ዕውቀት እንላለን፤ በ2012 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የመንግሥት የኢኮኖሚ ማሻሻያ «አገር በቀል» ተብሎ ተሰይሟል። በእነዚህ አነጋገሮችም ቃሉ የሚመሰክረው ድርጅቱ ወይም ሐሳቡ እዚሁ መጸነሱን ነው። ከውጭ መጥቶ የሰነበተን ነገር በዚህ ስም መጥራት የቃሉን ጥቅም ያጠፋዋል፤ በእውነት እዚህ ለበቀለው የሚቀር ስም አይኖርምና።

አማርኛ ለ«መጥቶ የእኛ ሆነ» የሚሉት ነገር ቃል አጥቶ አያውቅም፤ የሚያስቸግረው እንዲያውም ብዛታቸው ነው። ለመደ፣ ተላመደ፣ አላመደ፣ ለማዳ የሚሉት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ከእነርሱ ጎን ዜጋ ሆነ፣ ቤተኛ ሆነ፣ አገርኛ ተደረገ፣ ሐበሻ ሆነ የሚሉ አሉ። እያንዳንዱ በራሱ ቦታ ነው የሚቆመው፤ ቦታውን የሚወስነውም መጤውን የተቀበለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። የተቀበለው ሕግ ሊሆን ይችላል፤ መሬትና የአየር ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ የቋንቋው ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ሰነዶችዎ በትክክል እነዚህን ሦስቱን የያዙ ስለሆኑ በየተራ ልያቸው።

በሕግ ሰነድ ውስጥ ቃሉ የውጭ አገር ሰው አመልክቶ፣ መስፈርት አሟልቶ፣ ሥልጣን ባለው አካል ውሳኔ ዜጋ የሚሆንበትን ሥርዓት ያመለክታል። እዚህ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ ሕጉ ራሱ ያስቀመጠው አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 የውጭ አገር ዜጎች የኢትዮጵያ ዜግነት ሊያገኙ እንደሚችሉ ይደነግጋል፤ የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በትውልድ የሚገኝን ዜግነት በሕግ ከሚገኝ ዜግነት ይለያል። አመልካቹ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ቢያንስ 4 ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ፣ ከአገሪቱ ብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት የሚችል፣ ራሱን የሚያስተዳድርበት በቂና ሕጋዊ ገቢ ያለው፣ በመልካም ጠባይ የሚታወቅና በወንጀል ያልተቀጣ መሆን አለበት፤ የቀድሞ ዜግነቱን የመልቀቅ ጉዳይም ከመስፈርቶቹ አንዱ ሲሆን መጨረሻ ላይ የታማኝነት ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ኢትዮጵያዊ ላገባ ሰው የመኖሪያው ጊዜ ያጥራል፤ ጋብቻው 2 ዓመት ከሞላውና አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ 1 ዓመት በአገሪቱ ከኖረ ይበቃል። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የዜግነት ሕግ የሚጠይቀው የ5 ዓመት ኑሮና አማርኛን መናገርና መጻፍ አሳምሮ ማወቅ እንደ ነበር ሲታሰብ፣ እንደ አገር ልጅ ለመቆጠር የሚያስፈልገው ነገር ራሱ እንደ ዘመኑ እንደሚለዋወጥ ይታያል። ስለዚህ ለሕግ ሰነድ የምመክረው «ዜግነትን በሕግ ማግኘት» የሚለውን ነው፤ ሰውየውን ለመግለጽ ደግሞ «በሕግ ዜግነት ያገኘ»።

እዚህ ላይ የባልደረባዎ ምርጫ የሚያስከትለውን ጉዳት ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ለእርማት ከቀረቡልኝ ትርጉሞች በአንዱ፣ በማመልከቻ ዜግነት ያገኘ ሰው «የተፈጥሮ ዜጋ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ይህ ትርጉሙን ከመሠረቱ ይገለብጠዋል። አንባቢው «የተፈጥሮ ዜጋ» ሲል የሚገባው ከእናት ከአባቱ ዜግነቱን ይዞ የተወለደ ሰው ነው፤ በሰነዱ ላይ የተጻፈው ግን ተቃራኒው ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት በውርስ፣ በምርጫ ወይም በፓስፖርት ጉዳይ ቢቀርብ የሰውየውን መብት የሚነካ የሐሰት ማስረጃ ሆኖ ሊያርፍ ይችላል።

የሰው አፍ የሚያምታታቸው ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን «ወረቀት አገኘ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ማለታቸው ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው ደግሞ ገና የውጭ ዜጋ ነው፤ «ሲቲዝን ሆነ» የሚሉት ግን እርስዎ የሚተረጉሙትን ቃል ነው። ሁለተኛው «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» የሚለው መጠሪያ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ዘሩ ከኢትዮጵያ የሆነ የሌላ አገር ዜጋ እንጂ የኢትዮጵያ ዜጋ አይደለም፤ በልዩ መታወቂያው የሚያገኛቸው መብቶች ሰፊ ቢሆኑም ዜግነት አይሰጡትም። በነገራችን ላይ «ዜጋ» የሚለው ቃል ራሱ መጤ ትርጉም የተሸከመ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም የመሬት ሰነዶች ዜጋ ማለት በባለ ርስት ሥር የሚያገለግል ጥገኛ ሰው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የመብት ባለቤት ማለት ሆኗል።

ወደ ደን ጥናቱ ስንመጣ ሕግ የለም፣ ማመልከቻም የለም። የሥነ ዕፅዋት ባለሙያዎች በዚህ ቃል የሚጠሩት ከሌላ አገር መጥቶ፣ ሰው ሳይተክለውና ሳይንከባከበው በራሱ ዘር እየተራባ ለብዙ ትውልድ የዘለቀን ዕፅ ነው። ሦስት ደረጃዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ መጤ ገበሬ እስከተከለው ድረስ ብቻ ይኖራል። አንዳንዱ ከማሳ ወጥቶ በየሜዳው ራሱን ይችላል። ሌላው ራሱን መቻል አልበቃ ብሎት ነባሩን እያፈናቀለ ይስፋፋል፤ ይህኛውን «መጤ ወራሪ» ማለት በአማርኛ እየተለመደ መጥቷል። ቃሉ በተለይ የሚያመለክተው መካከለኛውን ነው።

ባሕር ዛፍን እንውሰድ። ከአውስትራሊያ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የኢትዮጵያን ደጋ ሸፍኗል፤ ብዙ ሰው የአገሩ ዛፍ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በአብዛኛው የሚበዛው ሰው ስለሚተክለውና ሲቆረጥ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ነው፤ ስለዚህ በጥብቅ ከተነጋገርን አገሩን የለመደ የተተከለ ዛፍ ነው እንጂ በራሱ የሚራባ አይደለም። በትግራይ ያለው ባለ እሾህ በለስ ግን ሌላ ነው፤ ከሜክሲኮ ምድር መጥቶ በየገደሉና በየድንጋዩ ሥር ራሱን ችሎ ይኖራል። በአፋር የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍና በጣና ሐይቅ ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ደግሞ ከዚህም አልፈው ወራሪ ሆነዋል። አራቱንም «አገር በቀል የሆኑ» ብሎ የሚያልፍ ትርጉም ለደን ባለሙያ ምንም አይነግረውም። ይልቁንም ያሳስተዋል፤ የተራቆተ ተራራ በአገር በቀል ዛፍ ይልበስ የሚል ዕቅድ የያዘ ሰው በእርስዎ ዝርዝር ተመርቶ ከዝግባ፣ ከኮሶና ከሐበሻ ጽድ ይልቅ የፈረንጅ ጽድ ቢተክል ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም።

ለዚህ ዘርፍ «ራሱን ችሎ የተላመደ መጤ ዕፅ» የሚለውን እመርጣለሁ። ረጅም ነው፤ ነገር ግን ሦስቱንም ነጥብ ይይዛል። «የተላመደ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ በጓሮ ተተክሎ ብርዱን የቻለም ተላመደ ይባላልና። ስለ እንስሳ ሲሆን አደጋው ይብሳል፤ «የተላመደ እንስሳ» ሲባል አንባቢው ለማዳውን፣ ከሰው ጋር የሚኖረውን ይረዳል፤ የተፈለገው ግን በዱር የሚራባው መጤ ነው። ስለ እንስሳ «በዱር ራሱን የቻለ መጤ» ይበሉ። በዝርዝርዎ ውስጥ «ብርቅዬ» የሚለውንም አንድ ጊዜ ይመልከቱት። ብዙ ጽሑፎች በአንድ አገር ብቻ የሚገኝን ፍጥረት «ብርቅዬ» ይሉታል፤ ብርቅዬ ግን በቁጥር ጥቂት የሆነ፣ በቀላሉ የማይገኝ ማለት ነው። ዋልያ ሁለቱንም ስለሆነ ስሕተቱ አይታይም። ቡና አገር በቀል ነው፤ ሆኖም በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባና በኬንያ ማርሳቢትም በጫካ ስለሚገኝ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ብርቅዬም አይደለም።

የቋንቋው ጉዳይ ከሦስቱ በጣም የሚያስደስተኝ ነው፤ አማርኛ መጤን እንዴት እንደሚቀበል ራሱ ያሳያልና። እዚህ ቃሉ የሚናገረው ስለ ውሰት ቃላት ነው፤ ማለትም ከሌላ ቋንቋ ተወስደው ተናጋሪው ባዕድነታቸውን እስኪረሳ ድረስ ስለ ተዋሐዱ ቃላት። («ውሰት» የሚለው ስያሜ ራሱ ያስቀኛል፤ የተዋሰ ይመልሳል፤ ቃል ተውሶ የመለሰ ቋንቋ ግን አላጋጠመኝም።) መዋሐዱ በአንድ ጊዜ አይሆንም። መጀመሪያ ድምፁ ይገራል፤ የፈረንሳዩ ቃል «ሾፌር» ሆኖ ይገባና በብዙ ሰው አፍ «ሹፌር» ይሆናል። «ቴሌቪዥን» ግን ገና በር ላይ ነው፤ «ቭ» የምትለው ድምፅ ብዙ ተናጋሪን ስለምታስቸግር «ቴሌቢዥን» ሲባል ይሰማል። ከዚያ ቅጥያ ይይዛል፤ «ጋዜጣ» የጣሊያን ቃል ነው፤ «ጋዜጠኛ» እና «ጋዜጠኝነት» ግን ጣሊያኖች የማያውቋቸው የእኛ ሥራዎች ናቸው። ቀጥሎ ትርጉሙ ይፈታል። «ባቡር» የተገኘው እንፋሎት ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ በምኒልክ ዘመን ለመንገድ መዳመጫ የመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ይባል ነበር፤ ዛሬም በገጠር እህል የሚፈጨው ወፍጮ ባቡር ነው፤ ሐዲድም እንፋሎትም በሌለበት።

የመጨረሻው ደረጃ ከባድ ነው፤ ወደዚያ የሚደርሱትም ጥቂቶች ናቸው። የአማርኛ ግስ የሚቆመው በተነባቢ ሥሮች ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ስም ሥር ሰጥቶ ግስ ካስገኘ ከዚያ ወዲያ መጤ ነው ማለት ይከብዳል። «ፊርማ» የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ አማርኛ ግን ፈ-ረ-መ የሚል ሥር አወጣበትና ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ፣ ፈራሚ እያለ እንደ ነባሮቹ ግሶች ያረባዋል። ተቋራጭም፣ ሙሽራም፣ ዳኛም በየዕለቱ ይጠቀሙበታል፤ ማንም የባዕድ ቃል የተናገረ አይመስለውም። «ፋክስ አደረገ» ከሚለው ጋር ያስተያዩት፤ «ፋክስ» ራሱ መርባት ስላልቻለ «አደረገ» የሚል ደጋፊ ይዞ ይሄዳል። ከዘመናት በፊት የገቡት ደግሞ ጭራሽ አይታወቁም። «ሃይማኖት» ከአራማይክ ቤተሰብ፣ «ወንጌል» እና «ጠረጴዛ» ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ «ሃይማኖት» የተውሶ ቃል ነው ብዬ በተናገርኩ ቁጥር የሚቆጣ ሰው አይጠፋም።

ለዚህ ዘርፍ የምመርጠው ቃል «ቤተኛ» ነው። ቤተኛ ማለት የቤቱ ልጅ ያልሆነ፣ ነገር ግን ሳያንኳኳ የሚገባ፣ ማዕዱን እንደ ቤተሰብ የሚቀርብ ሰው ነው፤ ከላይ የተነጋገርንባት «እንደ» በዚህ ቃል ውስጥ ተቀምጣለች። «ቤተኛ የሆነ የውሰት ቃል» ቢሉ የቋንቋ ባለሙያውም ተራው አንባቢም ያለ ማብራሪያ ይረዳዎታል። «አገርኛ ማድረግ» የሚለውን ግን ለሌላ ነገር ይቆጥቡት። አገርኛ ማድረግ አድራጊ አለው፤ አንድ ሰው ተቀምጦ የውጭ ተውኔትን ወይም የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ለአገሩ ተጠቃሚ ሲያስማማ የሚባል ነው። ቃል ቤተኛ የሚሆነው ግን ማንም ሳያዘው ነው፤ በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ቤተኛ ሊሆኑ ተሰናድተው ማንም ሳይናገራቸው የቀሩ አቻ ቃላት ምን ያህል እንደሆኑ እርስዎም ያውቁታል።

ሦስቱ ዘርፎች አብረው የማይሄዱ መሆናቸውን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንዳስገባው የሚነገርለት ድንች፣ በሥነ ዕፅዋት ሚዛን ራሱን የቻለ አይደለም፤ ገበሬ ካልተከለው ይጠፋል። በቋንቋ ሚዛን ግን ፍጹም ቤተኛ ነው፤ እንዲያውም ያለ ቅጽል «ድንች» ሲባል የሚታሰበው መጤው ሲሆን፣ አገር በቀሉ ሥራ ሥር «የወላይታ ድንች» እየተባለ ቅጽል ተጨምሮለት ይጠራል። ባሕር ዛፍ በተቃራኒው ሙሉ በሙሉ አማርኛ በሆነ ስሙ ውስጥ ከባሕር ማዶ መምጣቱን እስከ ዛሬ ያውጃል። አንድ አቻ ቃል ለሁለቱ ቢሰጥ ስለ የትኛው ነገር እንደሚናገር አይታወቅም።

ስለ ሰው ሲጻፍ አንድ ጥንቃቄ የግድ ነው። ለዕፅዋት ያለ ችግር የምንጠቀምባቸው «መጤ»፣ «ነባር»፣ «ወራሪ» የሚሉት ቃላት ወደ ሰው ሲዞሩ ስድብ ይሆናሉ፤ አንዳንዴም ከስድብ የባሰ ነገር ይከተላቸዋል። በስደተኞች ሰነድዎ ውስጥ አንዳቸውም እንዳይገቡ፤ «የውጭ አገር ዜጋ»፣ «ነዋሪ»፣ «በሕግ ዜግነት ያገኘ» የሚሉት በቂ ናቸው። «ሐበሻ ሆኗል» የሚለው አነጋገርም ባሕላችንን ለለመደ እንግዳ የሚሰጥ ምስጋና ነው እንጂ ሕጋዊ ትርጉም የለውም፤ ከሰነድ ይውጣ።

ቃሉ በማኅበራዊ ሳይንስ ጽሑፎች አራተኛ ፍቺም አለው፤ ሰዎች የፈጠሩትን ሥርዓት ወይም ልዩነት ከጥንት የነበረና ሊለወጥ የማይችል አስመስሎ ማቅረብ ማለት ነው። እዚህ ብቻ ባልደረባዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ፤ «ተፈጥሯዊ ማስመሰል» ይበሉት። «ማስመሰል» የምትለው እንዳትቀር።

ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ለዚህ ቃል አንድ መስመር ሳይሆን አራት መስመር ይክፈቱ፤ ከእያንዳንዱ ፊት የሙያ ዘርፉን (ሕግ፣ ሥነ ሕይወት፣ ቋንቋ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ) ይጻፉ፤ «አገር በቀል» የሚለውን ከአራቱም ያውጡና በራሱ መስመር ለነባር ዝርያዎች ብቻ ይመድቡት። አለቃዎ አንድ ቃል አንድ አቻ በሚለው ከጸኑ መመሪያውን «ለአንድ ፍቺ አንድ አቻ» ተብሎ እንዲታረም ይጠይቁ። ከዚህ ቀደም በ«አገር በቀል» ተተርጉመው ያለፉ ሰነዶች ካሉ ደግሞ ከዜግነት ጋር የተያያዙትን አስቀድመው መልሰው ይመልከቱ፤ የዛፉ ስሕተት በሚቀጥለው እትም ሊታረም ይችላል፤ የዜግነቱ ግን የአንድ ሰው ጉዳይ ተወስኖበት ሊሆን ይችላል።